የምትሳፈርባት ጀልባ ስም አላት?

ሦስት ሳምንት ገደማ ይሆናል። ተመላላሽ ሕሙማንን እያየሁ ሳለ ዕድሜው ከ20 ትንሽ ያለፈ ወጣት ካርድ አውጥቶ ገባ። ትኩሳት የለውም፣ ሳል የለውም፣ የደም ግፊቱም ጤናማ ነው። ምን እንደሚያመው ስጠይቀው ወንበሩን ወደ ጠረጴዛዬ ጠጋ አድርጎ ድምፁን ቀነሰና «ዶክተር፣ ጀልባ ላይ እንዳያስታውከኝ የሚያደርግ መድኃኒት አለ?» አለኝ።

ወለንጪቲ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ ብርቅ ነው። እኛ ዘንድ ውኃ ማለት ጀሪካን፣ የአህያ ጋሪና ወረፋ ነው። ከአዳማ ወደ መተሐራ የሚሄድ ሰው ከተማችንን የሚያስታውሳት በሙቀቷና በከባድ መኪኖቿ እንጂ በሐይቅ አይደለም። «ላንጋኖ ልትዝናና ነው ወይስ ዝዋይ ካሉት ደሴቶች ወደ አንዱ ልትሻገር?» አልኩት። ፈገግ አለና በሩን ዞር ብሎ አየው። «ወደ ደቡብ ነኝ ዶክተር። አጎቴ ጆሃንስበርግ ሱቅ አለው። ሰውዬው መንገድ ላይ አንድ ሐይቅ በጀልባ ትሻገራላችሁ ብሎናል። እኔን ደግሞ አዳማ እስክደርስ እንኳ መኪና ያመኛል» አለኝ።

«ሰውዬው» ደላላው መሆኑን ለመረዳት ተጨማሪ ጥያቄ አላስፈለገኝም። «ዋና ትችላለህ?» አልኩት። «ከየት አምጥቼ?» አለኝ።

በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የምጽፈው ስለ ጨጓራ፣ ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ነው። ዛሬ ግን ያ ወጣት ስለጠየቀኝ ጥያቄ፣ ይልቁንም ሊጠይቀኝ ሲገባ ስላልጠየቀኝ ጥያቄ ልጽፍ ፈለግሁ። እኛ ሐኪሞች ወደ ጎረቤት አገር የሚሄድ ሰው ሲያማክረን ስለ ክትባትና ስለ ወባ እንነግረዋለን። ስለሚሳፈርበት ነገር አንጠይቀውም። በእኔ እምነት ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ሐይቅ ላይ ሰውን በፍጥነት የሚገድለው ትንኝ ሳይሆን ያለ አቅሟ የተጫነች ጀልባ ናት።

መጀመሪያ ስለ ሐይቆቹ ትንሽ ልበል። በሐይቅ ከአገር ወደ አገር መሻገር ለእኛ እንግዳ ቢመስልም ለምሥራቅና ለመካከለኛው አፍሪካ ሕዝብ የዘወትር ኑሮ ነው። እኛም ብንሆን ከጎረቤት የምንጋራው ሐይቅ አለን። የኦሞ ወንዝ የሚገባበት የቱርካና ሐይቅ ሰሜናዊ ጫፍ በእኛ በኩል ሲሆን ቀሪው ኬንያ ነው። ከከተማችን ብዙም ሳይርቅ የሚያልፈው አዋሽም ጉዞውን የሚጨርሰው ከጅቡቲ ጋር በምንጋራው በአቤ ሐይቅ ነው። ይሁንና በሁለቱም ላይ መንገደኛ የሚያመላልስ መደበኛ መርከብ የለም።

ወደ ደቡብ ሲወርዱ ነገሩ ይለወጣል። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ የሚጋሩት የቪክቶሪያ ሐይቅ የጣናን ወደ 20 እጥፍ የሚሰፋ ነው። በታንጋኒካ ሐይቅ ላይ ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1913 የሠሯት፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሰምጣ በኋላ የወጣችው ሊምባ የተባለች መርከብ ከታንዛኒያዋ ኪጎማ እስከ ዛምቢያዋ ምፑሉንጉ ለብዙ አሥርት ዓመታት መንገደኛ አመላልሳለች። ማላዊ፣ ታንዛኒያና ሞዛምቢክ የሚዋሰኑበት የማላዊ ሐይቅ ደግሞ ወደ 580 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ሲሆን ጥልቀቱ በአንዳንድ ቦታ ከ700 ሜትር ያልፋል። ኢላላ የተባለችው መርከብ እዚያ ሐይቅ ላይ ሥራ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ከግንቦት እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ከደቡብ ምሥራቅ የሚነሣ ብርቱ ነፋስ አለ። ነፋሱ ሲበረታ ሐይቁ ባሕር ይመስላል ይላሉ የሚያውቁት።

ያ ወጣት «አንድ ሐይቅ» ያለው ይህንኑ የማላዊ ሐይቅ ሳይሆን አይቀርም። በሞያሌ፣ በኬንያና በታንዛኒያ አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወርደው መንገድ አንዱ ክፍል በዚህ ሐይቅ ዳር ያልፋል። የድንበር ኬላ የሚሸሹ ደላሎች ሰዎቹን በሌሊት በትንንሽ ጀልባ ያሻግራሉ።

በሰኔ 2004 ዓ.ም የሆነውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁ ረስታችሁት ይሆናል። በሰሜን ማላዊ ካሮንጋ በተባለው አካባቢ ስደተኞችን የጫነች ጀልባ ሐይቁ ላይ ተገልብጣ ከ40 በላይ ኢትዮጵያውያን ሰጥመው ሞቱ። ብዙዎቹ ወጣቶች ነበሩ። በዚያው ወር ታንዛኒያ ውስጥ በጭነት መኪና ታፍነው ከ40 በላይ የሚሆኑ ሌሎች ወገኖቻችን መሞታቸው ስለተሰማ ሁለቱ ዜናዎች ተደባልቀው እንደ አንድ ክፉ ወሬ አለፉ። እንደ ሐኪም እስከዛሬ የሚከነክነኝ ከቁጥሩ ይልቅ የስሙ ነገር ነው። በመደበኛ መርከብ የሚሄድ መንገደኛ ትኬት ይቆርጣል፤ ስሙ ወይም ቢያንስ ቁጥሩ ይመዘገባል። በዚያች ጀልባ ላይ የነበሩትን ሰዎች ስም ግን የመዘገበ ወደብ አልነበረም።

ይህ የስም ጉዳይ የጤና ጉዳይም ነው። ለደም ግፊት ክትትል የሚመጡ አንዲት እናት አሉ፤ ሃርሜ እያልኩ ነው የምጠራቸው። መድኃኒታቸውን በአግባቡ ይወስዳሉ፣ ጨውም ቀንሰዋል፤ ግፊታቸው ግን አልወርድ ብሏል። አንድ ቀን ሌሊት እንደማይተኙ ነገሩኝ። ልጃቸው ከስድስት ዓመት በፊት ሄዶ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው ነገ ሐይቅ እንሻገራለን ብሎ ነው። ከዚያ በኋላ ድምፁ የለም። ሞተ እንዳይሉ ያየ የለም፤ አለ እንዳይሉ የሚደውል የለም። ሐዘን መቀመጥ አልቻሉም፤ ለቅሶ የሚደርሳቸውም የለም። እንዲህ ያለው ሐዘን በሕክምና የታወቀ ነው፤ ቀብር ካየ ሰው ሐዘን ይልቅ ይረዝማል፣ እንቅልፍና ልብ ያደክማል። እኔ ልጨምርላቸው የቻልኩት ሁለተኛ የግፊት መድኃኒት ብቻ ነው።

አንባቢዬ «ይህ ሕገ ወጥ ስደት ያመጣው ጣጣ ነው፤ ትኬት ቆርጦ በሕጋዊ መርከብ የሚሄደውን ምን ያገባዋል?» ይል ይሆናል። ያገባዋል። በመስከረም 2011 ዓ.ም በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ የሰጠመችው ኔሬሬ የተባለች የታንዛኒያ መርከብ ሕጋዊ ነበረች። የመንግሥት ነበረች፤ የተፈቀደላትም 101 ሰው ነው። የሞቱት ብቻ ከ220 በላይ ናቸው። የተገለበጠችው ሐይቁ መካከል በማዕበል ተመታ ሳይሆን ልትቆምበት ከነበረው ወደብ ጥቂት ሜትሮች ሲቀሯት ነው፤ ሰዉ ለመውረድ ወደ አንድ ጎን ሲተም ሚዛኗን ሳተች። በዚያው ሐይቅ ላይ በግንቦት 1988 ዓ.ም የሰጠመችው ቡኮባም እንዲሁ ከአቅሟ በላይ ጭና ነበር፤ ብዙ መቶ ሰው አለቀባት። በመስከረም 2017 ዓ.ም ደግሞ በኮንጎና በሩዋንዳ መካከል ባለው ኪቩ ሐይቅ አንዲት ጀልባ የጎማ ወደብ እየታየ ሰመጠች፤ ሰዎች ዳር ሆነው ያዩ ነበር።

ከእነዚህ አደጋዎች ውስጥ ለእኛ አገር ሰው አዲስ የሚሆንበት ነገር የለም። ነገሩ «ትርፍ» ነው። ሚኒባስ ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጠን «ግዴለም፣ ቅርብ ነኝ» የምንለው ያው ትርፍ። ልዩነቱ መኪና ትርፍ ሲጭን የሚገለበጠው ከተጋጨ ወይም ከፈጠነ ነው፤ ጀልባ ግን ቆማም ትገለበጣለች። የሰው ክብደት ከላይ ሲበዛ የሚዛኗ ማዕከል ወደ ላይ ይወጣል፤ ሃያ ሰው በአንድ ጊዜ ፎቶ ለማንሣት ወይም ቀድሞ ለመውረድ ወደ አንድ ጎን ቢሄድ የሚመልሳት ኃይል የላትም።

የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ዘገባ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ ወደ 300 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በውኃ ሰጥመው ሞተዋል፤ ከ10ሩ ሟቾች 9ኙ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በዚያው ዓመት ሐምሌ 18 ቀን (እ.ኤ.አ. ጁላይ 25) በውኃ መስጠምን የመከላከል ቀን ሆኖ እንዲታሰብ ወስኗል። የዓለም የኤድስ ቀን ሲመጣ ሪባን እናደርጋለን፤ የወባ ቀንም እንዲሁ ይታሰባል። ሐምሌ 18ን ግን እኔ በሠራሁባቸው ተቋማት አንድም ጊዜ ሲታሰብ አላየሁም።

ታዲያ መንገደኛው ምን ያድርግ? ለወጣቱ የነገርኩትን ለእናንተም ልድገመው። ሐይቁ ማላዊ ይሁን ቪክቶሪያ፣ ጣና ይሁን ዝዋይ ምክሩ አይለወጥም።

ከመሳፈራችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። የመጀመሪያው፣ ጀልባዋ ስም አላት? ስም ያላት ጀልባ አብዛኛውን ጊዜ የተመዘገበች ናት፤ ብትዘገይ «እገሊት የታለች?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አላት። ሁለተኛው፣ የምትይዘው ስንት ሰው ነው? ቁጥሩ ጎኗ ላይ ወይም በሩ አጠገብ ተጽፎ ይገኛል። ከተፈቀደው በላይ ሰው ሲገባባት ካያችሁ ገንዘባችሁን ባታስመልሱም ውረዱ። ሦስተኛው፣ ለእኔ የሚሆን የሕይወት አድን ጃኬት አለ? «አለ» የሚል መልስ አይበቃም። የት እንዳለ አሳዩኝ በሉ፤ መጋዘን ተቆልፎበት ወይም ከወንበር ሥር ታስሮ ከሆነ የለም ማለት ነው።

ጃኬቱን የምትለብሱት መሬት ላይ ሳላችሁ ነው። ጀልባ ሲያዘነብል ሰዉ ይጮኻል፣ ይተራመሳል፤ ያን ጊዜ ገመዱን ለማሰር እጅ አይታዘዝም። ማሰሪያዎቹን ሁሉ ቆልፉ፤ ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ስትስቡት አገጭና ጆሮ ድረስ የሚወጣ ከሆነ ሰፍቷችኋል። ለሕፃን የአዋቂ ጃኬት አይሆንም፤ ውኃ ውስጥ ሲገባ ልጁ በታች ሾልኮ ጃኬቱ ብቻ ይንሳፈፋል። በአየር የሚነፋ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ጣሪያ ባለው ክፍል ውስጥ ሆናችሁ አትንፉት፤ ወደ ላይ አንሳፎ ጣሪያው ሥር ያስቀራችኋል። ሙቀት ስለሆነ የማይለብስ፣ ልብሴ ይጨማደዳል የሚልም አጋጥሞኛል። አንድ ጊዜ ዝዋይ ላይ ጓደኞቼ ራሳቸው፣ ያውም ሐኪሞች፣ ጃኬቱን ትራስ አድርገው ተቀምጠውበት አይቻለሁ። እኔም ሁለተኛ የተናገርኩት አፍሬ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ዝም ብዬ ነበር።

ጃኬት ፈጽሞ ከሌለና መሻገሩ ግድ ከሆነብን ምን እናድርግ የሚሉኝ አሉ። በየቤታችን ያለው ባለ 20 ሊትር ባዶ ጀሪካን ክዳኑ በደንብ ከተዘጋ አንድን አዋቂ ሰው አፍንጫው ከውኃ በላይ እንዲሆን ለመያዝ ይበቃል፤ ውኃ ውስጥ ያለ ሰው የሚከብደው ጥቂት ኪሎ ብቻ ነውና። ደረታችሁ ሥር አቅፋችሁ እግራችሁን በቀስታ ማወዛወዝ ነው። ይህ ግን የመጨረሻ አማራጭ ነው፤ ጀሪካን ከእጅ ያመልጣል፣ ራሱን የሳተን ሰውም አይዝም።

ስትሳፈሩ መውጫውን አይታችሁ ተቀመጡ። ሲሆን ሲሆን መካከል አካባቢ፣ በተቆለለ ጭነት ሥር ሳይሆን። ከባድ ቡትና ወፍራም ጃኬት ፈታ አድርጉ። ለመውረድ አትጣደፉ፤ ኔሬሬን አስታውሱ። የቤተሰብ ስልክ ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉ። ይህን የመጨረሻውን ለወጣቱ ስነግረው «ለምን?» አለኝ። መልሱን ዝም አልኩት፤ ገባው።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። መኪና የሚያመው ሰው ጀልባም ያመዋል፤ ምክንያቱ አንድ ነው። የውስጠኛው ጆሮ ሚዛን ጠባቂ ክፍል እየተወዛወዝን ነው ይላል፤ ዓይን ደግሞ ያለንበትን ክፍል ብቻ እያየ ቆመናል ይላል። አንጎል በሁለቱ መካከል ግራ ሲጋባ ማቅለሽለሽ ይመጣል። ስለዚህ ውዝዋዜው አነስተኛ በሆነበት በጀልባዋ መካከል ተቀመጡ፤ ሰማይና ውኃ የሚገናኙበትን ርቆ የሚታይ መስመር ተመልከቱ፤ ስልክ አታንብቡ። ባዶ ሆድም ሙሉ ሆድም አይሆንም፤ ቅባት የሌለበት ትንሽ ነገር ቅመሱ። ዝንጅብል አንዳንዱን ሰው ይረዳል፤ ጉዳት ስለሌለው ሞክሩት።

መድኃኒትም አለ። ዳይመንሃይድሪኔትና ፕሮሜታዚን የተባሉት በሰፊው ይታወቃሉ፤ የሚሠሩት ማቅለሽለሹ ከመጀመሩ በፊት፣ ማለትም ከመሳፈራችሁ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ሲወሰዱ ነው። የማይወራለት ጎናቸው ግን ማስተኛታቸው ነው። ፕሮሜታዚን የወሰደ ሰው ዓይኑን መግለጥ ያቅተዋል፤ በላዩ ላይ መጠጥ ከተጨመረበት ጭራሽ አይነቃም። ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ፕሮሜታዚን አይሰጥም። የዓይን ውስጥ ግፊት ያለባቸው፣ የፕሮስቴት እጢ አድጎ ሽንት የሚያስቸግራቸው አባቶች፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡሮች ሐኪም ሳያማክሩ እንዳይወስዱ። ደኅንነቷ በተጠበቀ መርከብ ለሚሄድ መንገደኛ እኔም እጽፈዋለሁ። ትርፍ በጫነች ጀልባ፣ በሌሊት፣ ዋና ለማይችል ልጅ የእንቅልፍ መድኃኒት የምጽፍ ከሆነ ግን ምን እያደረግሁ ነው? ማስታወክ አይገድለውም።

ሰው ሲሰጥም እንደ ፊልም እየጮኸ እጁን አያወዛውዝም። አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ የለውም፤ አየር ለመሳብ ስለሚታገል ለመጮኽ ትንፋሽ አይተርፈውም። ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥም ሊሰጥም ይችላል። ዋና የማትችሉ ሰዎች ዘላችሁ አትግቡ፤ ሁለታችሁም ታልቃላችሁ። ረጅም እንጨት፣ ነጠላ፣ ገመድ፣ ጀሪካን ወርውሩለት።

ሲወጣ ደግሞ በየሐይቁና በየወንዙ ዳር የሚደረግ አንድ ስሕተት አለ፤ ሰውየውን በእግሩ ዘቅዝቆ ወይም ሆዱን ተጭኖ ውኃውን ለማፍሰስ መሞከር። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ጊዜ ያባክናል፤ ከሆዱ የሚወጣው ነገርም ወደ ሳንባው ይገባል። የሰጠመ ሰው ያጣው አየር ነው፤ ስለዚህ የሚሰጠው አየር ነው። በጀርባው አስተኙት፤ ራሱን ወደ ኋላ ቀለስ፣ አገጩን ወደ ላይ አንሡ፤ የማይተነፍስ ከሆነ አፍንጫውን ይዛችሁ አፍ ለአፍ 5 ጊዜ ደረቱ እስኪነሣ ንፉ። ከዚያ ደረቱ መካከል ላይ በሁለት እጅ 30 ጊዜ በፍጥነትና በኃይል ተጫኑ፤ 2 ጊዜ ንፉ፤ እርዳታ እስኪመጣ ወይም እስኪተነፍስ ሳታቋርጡ ቀጥሉ። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120፣ ጥልቀቱ ለአዋቂ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። መተንፈስ ከጀመረ በጎኑ አስተኙት፣ እርጥብ ልብሱን አውልቃችሁ አሙቁት። «ዳንኩ፣ ደህና ነኝ» ቢልም ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ ውኃ የገባበት ሳንባ ከሰዓታት በኋላ ሊደክም ይችላል።

ከውኃው የተረፈ መንገደኛ ከሚያገኙት በሽታዎች ለአካባቢያችን ሰው በጣም የሚቀርበው ቢልሃርዝያ ነው። ብዙ የሐይቅ ዳር መንደሮች መርከብ የሚጠጋበት ወደብ ስለሌላቸው መንገደኛው ሱሪውን ሰብስቦ ውኃ ውስጥ እየተራመደ ነው የሚሳፈረው። ትሉ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ በጥልቀት በሌለው የዳርቻ ውኃ ይንሳፈፋል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ያልተቆሰለ ቆዳ በስቶ ይገባል። ማላዊም ቪክቶሪያም በዚህ ይታወቃሉ። ዝዋይና የወንጂ መስኖ አካባቢም አለ፤ ስለዚህ እንግዳ አገር ሄዶ ብቻ የሚያዝ እንዳይመስላችሁ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ እንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት በታች ያሉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ለዓለም ያበረከቱት ግኝት ከዚሁ በሽታ ጋር የተያያዘ ነው። ውኃ ውስጥ የገባ ሰው መጀመሪያ ቆዳው ሊያሳክከው፣ ከሳምንታት በኋላ ትኩሳትና ሳል ሊይዘው፣ ቆይቶ ሽንቱ ወይም ሰገራው ደም ሊቀላቅል ይችላል። ከተመለሳችሁ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ተመርመሩ፤ ፕራዚኳንተል የተባለው መድኃኒት ያደገውን ትል ነው የሚገድለውና ከዚያ በፊት ቢወሰድ ብዙም አይሠራም።

ሌላውን ባጭሩ። በእነዚህ ሐይቆች ዙሪያ ያለው ወባ አደገኛው ዓይነት ስለሆነ መከላከያ ክኒኑን ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ። የሐይቁን ውኃ ሳይፈላ ወይም ሳይታከም አትጠጡ፤ ማላዊ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2022 የጀመረው ኮሌራ ከ1 ሺህ 700 በላይ ሰዎችን ገድሏል። የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ መወሰድ አለበት፤ ካርዱ ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ስለዚህ «ታድሶልኝ» ብላችሁ ገንዘብ አታውጡ።

አንድ ነገር ለሚመለከታቸው ጭምር ማለት እፈልጋለሁ። በ2017 ዓ.ም ጣናነሽ 2 የተባለችው ትልቅ ጀልባ ከጅቡቲ ተነሥታ በተሽከርካሪ ተጭና ወደ ባሕር ዳር ስትጓዝ አገሩ ሁሉ በየመንገዱ ወጥቶ አይቷታል። ደስ ይላል። በሐይቆቻችን ላይ የመንገደኛ ጉዞ እየሰፋ መሄዱ ነው፤ ከትልቋ ጀልባ ጎን ደግሞ በዝዋይም፣ በቆቃም፣ በጫሞም የሚሠሩ ብዙ ትንንሽ ጀልባዎች አሉ። ለሞተር ብስክሌት ነጂ የራስ ቁር፣ ለአሽከርካሪ የደኅንነት ቀበቶ በሕግ ግዴታ ነው። የጀልባ ተሳፋሪ ጃኬት ለብሶ ካልሆነ ሞተር አይነሣም የሚለው ደንብም በየሐይቁ ዳር በተመሳሳይ ጥብቅነት መከበር አለበት ባይ ነኝ። ጃኬት መልበስን ዝዋይ ላይ ያልለመደ ልጅ ማላዊ ሐይቅ ሲደርስ አይጠይቅም።

ስለ ሥራ ባልደረቦቼም ልናገር። አንዳንዶቹ «ሕገ ወጥ ተጓዥን መምከር ማበረታታት ነው» ይሉኛል። ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ማሻገር በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 በከባድ ቅጣት የሚያስጠይቅ ወንጀል መሆኑን አውቃለሁ፤ ለወጣቱም ነግሬዋለሁ። ነገር ግን ገዝቶ የማይመልሰውን ጥያቄ ይዞ ሐኪም ዘንድ የመጣን ልጅ ገሥጾ መመለስ ደላላውን ብቸኛ አማካሪው ማድረግ ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ የነበሩን ደቂቃዎች 15 አይሞሉም። ሦስቱን ጥያቄዎች በሐኪም ማዘዣ ወረቀት ላይ ጻፍኩለት፤ ስሟ፣ የምትይዘው ሰው ብዛት፣ ጃኬቱ። «ይህን ሰውዬህን ጠይቀው። መልሱን ይዘህ ከመጣህ የማስታወኩን መድኃኒት እጽፍልሃለሁ» አልኩት። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ።

ከስምንት ቀን በኋላ ተመለሰ። ካርድ አላወጣም፤ ተራ ሲያልቅ ጠብቆ በሩ ላይ ቆመ።

«የመጀመሪያውን ብቻ ነው የጠየቅሁት። 'ስሟን ምን ልታደርገው ነው?' አለና ስልኩን ዘጋብኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እስከዛሬ አያነሣም። ቀብድ ደግሞ ሰጥቼዋለሁ።»

ምን ልታደርግ አሰብክ ስለው ትከሻውን ነቀነቀ። እናቱ መሄዱን እንደማታውቅ ነገረኝ። አዳማ አንድ ጋራዥ ውስጥ ሰው እንደሚፈልጉ ሰምቶ ነበር፤ ደመወዙ ግን ትንሽ ነው አለኝ። ስልኬን ሰጠሁት። መድኃኒቱን አላነሣብኝም፤ እኔም አልጻፍኩለትም።